የብር ዋንጫና የወረቀት መዝገብ፤ በማንቸስተር የእግር ኳስ ቤተ መዘክር ስላየነው ምስክርነት

ታሪክ ከነገሥታት ደብዳቤና ከጦር ሜዳ ወሬ ብቻ ይጻፋል የሚል አስተያየት በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ገና ፈጽሞ አልጠፋም። ስለ እግር ኳስ የታሪክ ጥናት ልንጽፍ እንደ ሆነ የሰሙ ጓደኞቻችንም ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ነገር ግን ጨዋታ ሕግ ሲወጣለት፥ ገንዘብ ሲገባበት፥ አንዱ ተፈቅዶለት ሌላው ሲከለከል፥ ያን ጊዜ ከጨዋታነት አልፎ የአንድ ሕዝብ አኗኗር የሚታይበት ነገር ይሆናል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ የሚገኘውን ብሔራዊ የእግር ኳስ ቤተ መዘክር ለማየት ዕድል ባገኘን ጊዜ፥ እንደ ኳስ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ታሪክ ተማሪም ሆነን ለመመልከት ሞክረናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የተለየ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ መዘክሩ በመጀመሪያ የተከፈተው በማንቸስተር ሳይሆን በፕሬስተን ከተማ፥ ዲፕዴል በሚባለው የኳስ ሜዳ ውስጥ፥ በ2001 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. በዚያ ተዘግቶ፥ በጁላይ ወር 2012 ዓ.ም. በማንቸስተር መካከል ኡርቢስ በሚባለው ባለመስታወት ሕንፃ ውስጥ እንደ ገና ተከፈተ። የፕሬስተን ሰዎች በዚህ ነገር ማዘናቸው አያስደንቅም፤ በ1888 ዓ.ም. የተቋቋመውን የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ሊግ፥ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ የወሰደው የእነርሱ ክለብ ነውና። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ሊግ የተመሠረተበት ስብሰባ በ1888 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር የተደረገው እዚሁ ማንቸስተር በሚገኝ ሆቴል ስለ ነበር፥ ማንቸስተርም የራሷ ክርክር አላት።

ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያተኩረው በዋንጫዎቹ ላይ ነው። ልጆች ፎቶግራፍ የሚነሡት በዚያ አጠገብ ነው፤ አባቶችም ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው የሚያሳዩት ያንኑ ነው። እኛ ግን የየዕቃውን ታሪክ አንድ በአንድ ስንከታተል ያገኘነው ነገር ተገላቢጦሽ ሆነብን። የሚያብረቀርቀው ብርና ወርቅ በብዛት ተተኪ ወይም ቅጂ ሲሆን፥ ማንም ሳያተኩርበት የሚያልፈው ወረቀትና ጨርቅ ግን ራሱ ዋናው ነው። ሌባ ዋንጫን ይፈልጋል፤ የቃለ ጉባኤ መዝገብን ግን የሚሰርቅ የለም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፥ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ከዋንጫው ይልቅ ከወረቀቱ እንደሚነበብ ነው።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የሚበልጠው በ1863 ዓ.ም. የተጻፈው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር መዝገብ ነው። በዚያ ዓመት በኦክቶበር 26 ቀን፥ በለንደን ፍሪሜሰንስ ታቨርን በሚባል መጠጥ ቤት፥ የጥቂት ክለቦች መልእክተኞች ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት ኤበኔዘር ኮብ ሞርሊ የሚባሉ የሕግ ሰው ነበሩ። ሕጎቹን በእጃቸው የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ጽሑፉ ሲታይ የአንድ የንግድ ቤት ደብዳቤ እንጂ በዓለም ሁሉ የሚታዘዝ ሕግ አይመስልም።

የሕጎቹ ብዛት 13 ነው። የዛሬ ተመልካች ቢያነባቸው ብዙዎቹ ይገርሙታል። ሜዳው እስከ 200 ያርድ ሊረዝም፥ እስከ 100 ያርድም ሊሰፋ ይችላል። ግቡ በ8 ያርድ ርቀት የቆሙ ሁለት እንጨቶች ብቻ ነው፤ በላዩ አግዳሚም ገመድም የለበትም። ስለዚህ ኳሱ በሁለቱ እንጨቶች መካከል እስካለፈ ድረስ ወደ ሰማይ የፈለገውን ያህል ቢርቅ ግብ ይሆናል። ኳስን ከአየር ላይ በእጅ መቅለብ ይፈቀድ ነበር፤ የቀለበውም ሰው ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ምልክት ካደረገ ያለ ከልካይ የመምታት መብት ያገኛል። በየቡድኑ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ የሚናገር አንድ ቃል የለም። ስለ በረኛም የለም፤ ስለ ዳኛም የለም። ጨዋ ሰው ከጨዋ ሰው ጋር ሲጫወት ዳኛ አያስፈልገውም የሚል እምነት ስለ ነበር ይመስለናል። የመጨረሻው ሕግ ደግሞ ማንም ተጫዋች በጫማው ሥር ብቅ ያለ ምስማር፥ የብረት ሳህን ወይም ጉታ ፐርቻ የሚባለውን ደረቅ የዛፍ ሙጫ አድርጎ እንዳይጫወት ይከለክላል። ከዚህ አንድ ሕግ ብቻ፥ ከዚያ በፊት በሜዳው ላይ ምን ይደረግ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የታሪክ ተማሪ ክልከላን ሲያነብ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ማንም የማያደርገውን ነገር የሚከለክል የለምና።

ትልቁ ክርክር ግን የተነሣው በቅልጥም ላይ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ኳስ ይዞ መሮጥንና፥ የሚሮጠውን ባላጋራ ቅልጥሙን በጫማ መምታትን የሚፈቅዱ ሁለት አንቀጾች ነበሩበት። ሞርሊና ጓደኞቻቸው እነዚህ እንዲሰረዙ ፈለጉ። ምክንያታቸውም ቀላል ነው፤ በማግሥቱ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው እግሩ ተሰብሮ መዋል አይገባውም የሚል ነው። የብላክሂዝ ክለብ መልእክተኛ የነበሩት ካምቤል ግን በብርቱ ተቃወሙ። ይህ ከተሰረዘ የጨዋታው ወኔና ድፍረት ሁሉ ይጠፋል፤ እንዲህ ከሆነማ ፈረንሳዮችን አመጣለሁ፥ አንድ ሳምንት ብቻ ተለማምደው ያሸንፏችኋል አሉ። (ፈረንሳዮች በ1998 እና በ2018 ዓ.ም. የዓለምን ዋንጫ ስለ ወሰዱ፥ ካምቤል በትንቢት በኩል ያን ያህል አልተሳሳቱም፤ ልምምዱ ግን ከአንድ ሳምንት በለጠ።) በመጨረሻ በዲሴምበር ወር አንቀጾቹ ተሰረዙ፥ ብላክሂዝም ከማኅበሩ ወጣ። ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥን የወደዱት ወገኖች በ1871 ዓ.ም. የራግቢን ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ በዛሬው ዓለም በእግር ኳስና በራግቢ መካከል ያለው ድንበር የተሰመረው በዚያ መዝገብ ላይ፥ በአንድ ብዕር ስረዛ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በፊትስ ምን ነበር? እንግሊዞች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ኳስ ይጫወቱ እንደ ነበር የሚታወቀው በአብዛኛው ከክልከላ ነው። በ1314 ዓ.ም. የለንደን ከተማ ሹም በከተማው ውስጥ ኳስ በመራገጥ የሚነሣውን ጩኸትና ሁከት በአዋጅ ከለከሉ። ከእርሳቸውም በኋላ የተነሡ ነገሥታት ሕዝቡ ቀስት መወርወርን ትቶ ኳስ ያዘ እያሉ ደጋግመው ከልክለዋል። አዋጁ መደጋገሙ ሕዝቡ አለመታዘዙን ያሳያል። ያ ጨዋታ መንደር ከመንደር፥ ሰፈር ከሰፈር የሚገጥምበት፥ ቁጥር የሌለው ሰው የሚጋፋበት ሲሆን፥ ዋና ቀኑም የእነርሱ ቅበላ የሚሆነው ማክሰኞ ነበር። በደርቢሺር ክፍለ ሀገር በአሽቦርን ከተማ ዛሬም በየዓመቱ እንዲሁ ይደረጋል፤ ሁለቱ ግቦች ሦስት ማይል ያህል ይራራቃሉ፥ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የተወለዱትም ሰዎች በሁለት ተከፍለው ወንዙ ውስጥ ጭምር ይታገላሉ።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የገና ጨዋታን ሳያስታውስ አይቀርም። በገናም ቢሆን መንደር ከመንደር ይገጥማል፤ የተሰላፊው ቁጥር አይወሰንም፤ ሩሩ የሚመታበት ሜዳ ዳርቻው ገደሉና አጥሩ ነው፤ በዚያም ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታ ቂም አይያዝበትም። ቀኑም እንደ እነርሱ ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ ገና በኋላ ዘመን የባህል ስፖርት ውድድር ሲደራጅ ደንብ ወጥቶለታል። የእንግሊዞቹ ጨዋታ ግን ቀድሞ በትልልቅ ትምህርት ቤቶቻቸው አጥር ውስጥ ገባ፤ በየትምህርት ቤቱም የየራሱ ሕግ ተጻፈለት። ተማሪዎቹ አድገው በዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ሕግ አያውቅምና መጫወት አልቻሉም። አንድ የጋራ ሕግ እንዲጻፍ ያስገደደው ይህ ችግር ነው። ሕጉ ሲጻፍ ደግሞ ጨዋታው ከቀዬው ወጥቶ በመርከብና በባቡር ሐዲድ ለመጓዝ ቻለ፤ ወረቀት በፖስታ ይላካል፥ የመንደር ልማድ ግን አይላክም።

ከመዝገቡ ቀጥሎ ብዙ የቆምነው አንድ ነጭ ማልያ ፊት ነው። ይህ ልብስ ኖቬምበር 30 ቀን 1872 ዓ.ም. በግላስጎ ከተማ እንግሊዝና ስኮትላንድ ባደረጉት ግጥሚያ አርኖልድ ከርክ ስሚዝ የሚባል ተጫዋች የለበሰው ነው። በሁለት አገሮች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው ሕጋዊ ግጥሚያ ያ ሲሆን፥ የተፈጸመውም ያለ ግብ ነው። ባለማልያው ያን ጊዜ የኦክስፎርድ ተማሪ ነበር፤ በኋላም ቄስ ሆነ። በደረቱ ላይ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሦስቱ አንበሶች ተሰፍተዋል። የተከፈለበት ገንዘብ፥ የተጻፈበት የነጋዴ ስም የለበትም፤ የሰው ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ተራ ልብስ ነው። ከአገር ለአገር ግጥሚያ ማልያዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዋንጫዎቹ እንመለስ። የእንግሊዝ ማኅበር ዋንጫ ውድድር የተጀመረው በ1871 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውም ፍጻሜ በማርች 16 ቀን 1872 ዓ.ም. በለንደን ተደርጎ፥ ዋንደረርስ የሚባለው ክለብ የንጉሥ መሐንዲሶች የጦር ክፍል ቡድንን አንድ ለባዶ አሸነፈ። ዋንጫው 20 ፓውንድ የወጣበት ትንሽ የብር ዕቃ ነበር። በሴፕቴምበር ወር 1895 ዓ.ም. በዚያ ዓመት አሸናፊ የነበረው አስተን ቪላ፥ ሕዝብ እንዲያየው ብሎ በበርሚንግሃም ከተማ የጫማና የኳስ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ መስኮት ላይ አስቀምጦት ሳለ ሌሊት ተሰረቀ። ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። አስተን ቪላም 25 ፓውንድ ካሳ ከፈለ። እንግዲህ በ1872 ዓ.ም. የተሸለመው ዋንጫ ከዓለም ላይ ጠፍቷል፤ በዚያው ዓመት የተለበሰው ማልያ ግን አለ።

በዚያ ምትክ የተሠራው ሁለተኛው ዋንጫ ከ1896 እስከ 1910 ዓ.ም. ያገለገለ ሲሆን፥ በ1911 ዓ.ም. ለማኅበሩ ፕሬዚዳንት ለሎርድ ኪኔርድ ስለ ረጅም አገልግሎታቸው ተሰጠ። ስጦታ ስለ ሆነ የግል ንብረት ሆነ፤ የግል ንብረትም ስለ ሆነ ይሸጣል። በ2005 ዓ.ም. በሐራጅ 478,400 ፓውንድ አወጣ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ በ760,000 ፓውንድ ተሸጠ። የገዙት የማንቸስተር ሲቲ ባለቤት የአቡ ዳቢው ሼክ መንሱር ናቸው። ለቤተ መዘክሩም በውሰት ሰጡት። ቤተ መዘክር የሚኮራባቸው ዕቃዎች ከፊሎቹ እንዲህ በባለጠጋ ፈቃድ የቆሙ መሆናቸውን ጎብኚው ሁሉ የሚያስተውለው አይደለም።

ከዚህ የሚብስ የዓለም ዋንጫው ታሪክ ነው። ዡል ሪሜ ይባል የነበረው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ለ1930 ዓ.ም. ውድድር አቤል ላፍለር በሚባሉ ፈረንሳዊ ቀራጺ የተሠራ፥ በብር ላይ ወርቅ የተለበጠ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባራሲ የሚባሉ የጣልያን ኳስ ሹም በጫማ ካርቶን ውስጥ አድርገው ከአልጋቸው ሥር ደብቀው አቆዩት። በማርች ወር 1966 ዓ.ም. ግን ውድድሩ በእንግሊዝ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በለንደን የቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ ታይቶ ሳለ ተሰረቀ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ፒክልስ የሚባል ውሻ ከአጥር ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘው። በነገሩ የተደናገጠው የእንግሊዝ ማኅበር አንድ ወርቅ አንጥረኛ ጠርቶ በምሥጢር ቅጂ አሠራ። ዋናው በ1970 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ላሸነፈችው ለብራዚል ለዘለቄታው ተሰጣት፤ በ1983 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር በሪዮ ዴ ጃኔሮ እንደ ገና ተሰረቀና ቀረ።

በቤተ መዘክሩ የሚታየው እንግዲህ ያ የምሥጢር ቅጂ ነው። በ1997 ዓ.ም. ለሐራጅ ሲቀርብ ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ያወጣል ተብሎ ተገምቶ ሳለ፥ ፊፋ በ254,500 ፓውንድ ገዛው። ዋጋው እንዲህ የናረው ምናልባት ዋናው ይህ ይሆናል፥ ብራዚል የሄደው ነው ቅጂው የሚል ወሬ ስለ ነበር ነው። ፊፋ አስመርምሮ እውነትም ቅጂ መሆኑን አረጋገጠ፤ ከዚያም ለቤተ መዘክሩ አዋሰው። በመስታወቱ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ግን ይህን ሁሉ እያነበበም ቢሆን በአክብሮት ዝም ብሎ ያየዋል። ቅጂነቱ ክብሩን ያልቀነሰው ለምን እንደ ሆነ እርስ በርሳችን ተከራክረን አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዱ፥ ታቦቱ ባይታይም ሰው ለመጋረጃው ይሰግድ የለምን? ብሎ ተናግሯል፤ እኛ ግን ንጽጽሩ ትንሽ የደፈረ መስሎ ታይቶናል።

ስለ 1966 ዓ.ም. ከተነሣ አይቀር፥ የዚያ ዓመት ፍጻሜ ግጥሚያ የተደረገበት ብርቱካን መልክ ያለው ኳስም አለ። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃለር ከጨዋታው በኋላ ወደ አገሩ ይዞት ሄዶ ሠላሳ ዓመት ያህል ካስቀመጠው በኋላ በ1996 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በዚያ ግጥሚያ ጄፍ ኸርስት የመታው ኳስ አግዳሚውን ነክቶ ወደ መሬት ሲወርድ መስመሩን አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ግብ ነው ብለው የመሰከሩት የአዘርባጃን ተወላጁ የመስመር ዳኛ ቶፊቅ ባህራሞቭ ናቸው። ኳሱ ራሱ እዚያ ተቀምጧል፤ ነገር ግን የሚያውቀውን አይናገርም። ዕቃ ብቻውን፥ ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር፥ ለታሪክ ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሚረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየንም።

ከታሪክ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው የነበሩ ሰዎችም በዚያ ቤት ስማቸው ተጽፎ ይገኛል። አርተር ዋርተን በ1865 ዓ.ም. በአክራ፥ የዛሬዋ ጋና በምትባለው አገር ተወለደ። ወደ እንግሊዝ የተላከው የሚሲዮን አስተማሪ እንዲሆን ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላለፍን ለእኛ ይህ የታወቀ መንገድ ነው። እርሱ ግን ወደ ሜዳው አዘነበለ። በ1886 ዓ.ም. 100 ያርድ በ10 ሴኮንድ ሮጦ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ ለፕሬስተንም በረኛ ሆኖ ተጫወተ። በዓለም የመጀመሪያው ደመወዝተኛ ጥቁር ኳስ ተጫዋች እርሱ ነው ይባላል። ከጨዋታው በኋላ ግን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሆኖ ኖረ፤ በ1930 ዓ.ም. ሲሞት በመቃብሩ ላይ ድንጋይ እንኳ አልቆመለትም። ድንጋዩ የቆመው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ መዘክሩም በ2003 ዓ.ም. ከታላላቅ ተጫዋቾች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ስሙ የተመለሰው ዋንጫ ስለ ተገኘ አይደለም። የአሮጌ ጋዜጦችን የግጥሚያ ወሬ ገጽ በገጽ የገለበጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

የሴቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1917 ዓ.ም. በፕሬስተን ዲክ ኬር በሚባል ፋብሪካ የጦር መሣሪያ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች የኳስ ቡድን አቋቋሙ። ከግጥሚያው የሚገኘውን ገንዘብ ለቁስለኞችና ለበጎ አድራጎት ይሰጡ ነበር። በዲሴምበር 26 ቀን 1920 ዓ.ም. በሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ሜዳ ሲጫወቱ 53,000 ያህል ሕዝብ ገብቶ ተመለከተ፤ ቦታ አጥቶ የተመለሰውም ብዙ ሺህ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ ዲሴምበር 5 ቀን 1921 ዓ.ም. የእንግሊዝ ማኅበር ተሰብስቦ ጨዋታው ለሴቶች እንደማይስማማ ወሰነ፤ ክለቦቹም ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ አዘዘ። ውሳኔው ሃምሳ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆይቶ የተነሣው በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው። ከነዚያ ሴቶች አንዷ ሊሊ ፓር በ2002 ዓ.ም. ከታላላቆቹ መዝገብ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በማንቸስተር ሐውልት ተሠራላት። እርሷ ግን በ1978 ዓ.ም. ስለ ሞተች አላየችውም። ልብ በሉ፤ በ1863 ዓ.ም. ጨዋታውን ለዓለም ያበረከተውና በ1921 ዓ.ም. ከሴቶች የነጠቀው አንድ ማኅበር ነው፤ የሁለቱም ማስረጃ በአንድ ዓይነት ወረቀት፥ በቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዋንጫ ስለ ድል እንጂ ስለ ክልከላ አይነግረንም።

የሌለ ዕቃም የሚናገርበት ጊዜ አለ። ዲየጎ ማራዶና በጁን 22 ቀን 1986 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ በእጁና በእግሩ ሁለት ግብ ሲያገባ የለበሰው ማልያ፥ ከጨዋታው በኋላ ስቲቭ ሆጅ ከተባለው እንግሊዛዊ ተጫዋች ጋር ስለ ተለዋወጡ ሃያ ዓመት ያህል በቤተ መዘክሩ በውሰት ይታይ ነበር። በሜይ ወር 2022 ዓ.ም. ባለቤቱ በሐራጅ ወደ 7.1 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ሸጠው። ጨርቅም እንግዲህ ዋጋው እንደ ወርቅ ሲሆን እንደ ወርቅ ከቦታው ይነሣል።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ስለ አገራችን አለማሰብ አንችልም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የቀሩት ግብፅ፥ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች፤ በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ አራት ለባዶ ተሸነፈች። በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ዘር መለየት የተነገረው ቃል ለአፍሪካ ታሪክ ከአራቱ ግቦች የበለጠ ዋጋ እንዳለው አያጠራጥርም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በ1987 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ይህንኑ ክርክር በዓለም ሸንጎ ላይ አላቋረጡም።

ድላችን ደግሞ በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። ዛሬም ብዙ ሰው ካምቦሎጆ ብሎ በሚጠራው ሜዳ የኢትዮጵያ ቡድን የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ገጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ግብ ጨምሮ አራት ለሁለት አሸነፈ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ያ ዋንጫ ግን ዛሬ በአገራችን የለም። ውድድሩን ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ለዘለቄታው እንዲወስደው የተደነገገ ስለ ነበር፥ በ1978 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጋና ሦስተኛዋን ድል አግኝታ የራሷ አደረገችው።

ስለዚህ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቤተ መዘክር ይቋቋም ሲባል፥ ዋንጫ የለንምና ምን እናሳያለን የሚል ሰው ቢነሣ የማንቸስተሩ ቤት መልስ ይሰጠዋል። የሚፈለገው የዚያ ዘመን ጋዜጣ ነው፤ የመግቢያ ቲኬት፥ ከካርቱም የተጻፈ ደብዳቤ፥ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቡድን ፎቶግራፍ፥ ሣጥን ውስጥ የታጠፈ ማልያ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ደግሞ የሰው ቃል ነው፤ እርሱ ቀን አይሰጥም። መንግሥቱ ወርቁ በ2010፥ ኢታሎ ቫሳሎ በ2021፥ ወንድሙ ሉቻኖም በ2022 ዓ.ም. አርፈዋል። በዚያን ዕለት ሃያ ዓመት ሆኖት በካምቦሎጆ ደረጃ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል።